የጣና ባሕር የደረቀበት ዘመን፤ ስለ ጥንቱ ሙቀት፥ ስለ ውቅያኖስ ዑደትና ስለ ዛሬው ክርክር

የጣና ባሕር አንድ ጊዜ ደርቆ ነበር ቢባል ወዲያው የሚያምን ሰው ጥቂት ነው። ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፥ በደሴቶቹ ላይ ገዳማትን ያቀፈው፥ የዓባይም መነሻ የሆነው ይህ ባሕር፥ አንድ ዘመን ዓሣ የማይገኝበት፥ ታንኳም የማይቀዘፍበት ደረቅ ሜዳ ሆኖ ነበር ማለት ለጆሮ እንግዳ ነው። ነገር ግን ጉዳዩ ተረት አይደለም፤ ምስክሩ ከባሕሩ ወለል በታች በደለሉ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። የድርቁ ዋና መነሻ በጎጃምና በጎንደር ምድር ሳይሆን እጅግ ሩቅ በሆነ ውቅያኖስ ውስጥ ስለ ነበረ፥ ታሪኩን መመርመር ዛሬ ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር የሚደረገውን ክርክር ለመረዳት ይጠቅማል። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልን እንለምናለን።

በ2007 ሔንሪ ላምና ባልደረቦቹ፥ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችም ጭምር፥ በጣና ላይ ያደረጉትን ምርመራ በጽሑፍ አወጡ። ሥራቸው ሁለት ዐይነት ነበር። በመጀመሪያ ከጀልባ ላይ የድምፅ ሞገድ ወደ ታች እየሰደዱ፥ ድምፁ ከወለሉ በታች ካሉት ልዩ ልዩ ንጣፎች ነጥሮ ሲመለስ መዘገቡ። ቀጥሎም ረዣዥም ቧንቧ ወደ ጭቃው አስገብተው፥ ደለሉን ንብርብሩ ሳይናድ እንዳለ አወጡት። በባሕሩ ዳር ከለስላሳው ጭቃ በታች ደርቆ የጠጠረ ደቃቅ አፈር አገኙ፤ እንዲህ ያለው ጥጥረት ውሃው ሸሽቶ ጭቃውን ፀሐይ እንደ መታው ያመለክታል። በዚያም ጠጣር ንጣፍ ላይ ጎርፍ የቦረቦራቸው ቦዮች ታዩ። እጅግ ጥልቅ ከሆነው ከባሕሩ መካከል በወጣው ደለል ግርጌ ደግሞ፥ ከጠጣሩ አፈር በላይ የእፅዋት ብስባሽ ተከማችቶ ተገኘ፤ ይኸውም ዛሬ የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል በባሕሩ እምብርት ላይ ረግረግ ሠርቶ ይበቅል እንደ ነበረ ያስረዳል።

ዘመኑ ሲለካ፥ ረግረጉ ከዛሬ 16,700 ዓመት ጀምሮ እስከ 15,100 ዓመት ድረስ የቆየ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በላይ ባለው ንጣፍ ውስጥ ጥቂት ጨው ባለበት ውሃ የሚኖሩ፥ ያለ አጉሊ መነጽር የማይታዩ፥ ቅርፊታቸው እንደ ብርጭቆ የሆነ ደቃቅ የውሃ እፅዋት አሉ። ከዛሬ 14,750 ዓመት ገደማ ሲደርስ ግን እነዚህ በድንገት ይጠፉና በጣፋጭ ውሃ የሚኖሩት ይተካሉ። ጣና ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ባሕር እንዴት ይደርቃል? ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከሚታሰበው ይልቅ ቀላል ነው። ጣና በጣም ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በፊቱ ላይ በዓመት ከሚዘንበው ዝናብ ይልቅ ከፊቱ ተንኖ ወደ አየር የሚወጣው ውሃ ይበልጣል። ባሕሩ ሞልቶ ሊፈስ የሚችለው ጊልገል ዓባይ፥ ጉማራ፥ ርብና መገጭ የደጋውን የክረምት ውሃ እያመጡ ስለሚያቀብሉት ነው። እንግዲህ የክረምቱ ዝናብ ለብዙ ዓመታት ቢያጥር በመጀመሪያ መፍሰሱ ይቀራል፤ ቀጥሎ ባሕሩ መውጫ እንደሌለው ኵሬ ሆኖ ጨው ያጠራቅማል፤ በመጨረሻም ይነጥፋል። በደለሉ ውስጥ የተገኘው ምስክርነት የዚህ ቅደም ተከተል ግልባጭ ነው፤ መጀመሪያ ደረቅ ምድር፥ ከዚያ ረግረግ፥ ከዚያ ጨዋማ ባሕር፥ በኋላም ፈሳሽ ያለው ጣፋጭ ባሕር።

የነጭ ዓባይ ምንጭ የሆነው የቪክቶሪያ ሐይቅም በዚያው ዘመን ገደማ ደርቆ እንደ ነበረ ከወለሉ የወጣው ደለል አስረድቷል። ስለዚህ ነገሩ የአንድ አውራጃ ችግር አልነበረም። ገበሬ ዝናብ ሲያጣ ምክንያቱን በአቅራቢያው ይፈልጋል፤ ደኑ ስለ ተመነጠረ ነው ይላል፤ ለአንዳንድ ስፍራ ይህ እውነትነት አይጠፋውም። በዚያ ዘመን ግን ደን የሚመነጥር ገበሬ አልነበረም። ማረሻም ገና አልተፈለሰፈም። የድርቁን ምክንያት ለማግኘት ከዚህ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኘው፥ በግሪንላንድና በአውሮፓ መካከል ወዳለው የሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ መሄድ ያስፈልጋል።

ውቅያኖስ የቆመ ውሃ የሚመስለው ለተመልካች ብቻ ነው። በ1751 ሄንሪ ኤሊስ የተባለ የመርከብ አዛዥ፥ ባሪያ በሚያመላልስ መርከብ ላይ ሳለ፥ ሙቀት በበዛበት የአትላንቲክ ክፍል መቅጃ በረጅም ገመድ ወደ ጥልቁ አውርዶ ውሃ አስቀዳ። ከላይ ያለው ውሃ ሞቃት ሆኖ ሳለ ከጥልቁ የወጣው እጅግ ቀዝቃዛ ሆነ። አዛዡም በዚህ ውሃ የወይን ጠጁን ማቀዝቀዝ ጀመረ።  ለሳይንስ ግን ትልቅ ጥያቄ ተወለደ፤ ፀሐይ በበረታበት አገር ከባሕሩ በታች ያለው ብርድ ከየት መጣ? መልሱ ከዋልታዎቹ ጎን ተጉዞ መጣ የሚል ነው።

ይህን ጉዞ ለመረዳት ሁለት ነገር ማወቅ ይበቃል። ቀዝቃዛ ውሃ ከሞቃት ውሃ ይከብዳል፤ ጨው ያለበትም ውሃ ጨው ከሌለበት ይከብዳል። በንጹሕ ውሃ ውስጥ የሚሰጥም እንቁላል ጨው ሲበዛበት የሚንሳፈፈው ስለዚህ ነው። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ከላይ ያለው ሞቃትና ጨዋማ ውሃ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ይፈስሳል። በመንገዱ ሙቀቱን ለአየሩ ይሰጣል፤ የሰሜን ምዕራብ አውሮፓ የብርድ ወራት ለስለስ ያለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ግሪንላንድ አጠገብ ሲደርስ ቀዝቅዞና ከብዶ ወደ ጥልቁ ይሰጥማል፤ ከዚያም በወለሉ አጠገብ ተመልሶ ወደ ደቡብ ይጓዛል። ይህ መሄድና መመለስ የአትላንቲክ ዑደት ይባላል። ከ2004 ጀምሮ ከፍሎሪዳ አጠገብ እስከ አፍሪካ ጠረፍ ድረስ በባሕሩ ውስጥ በተዘረጉት መሣሪያዎች ሲለካ፥ በየሴኮንዱ 17 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ እንደሚያሳልፍ ታውቋል። ዓባይ በሱዳን ወሰን ላይ በዓመት የሚያሳልፈው 50 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ ይህ ሲካፈል በሴኮንድ 1,600 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ያ የባሕር ውስጥ ወንዝ የዓባይን አሥር ሺህ እጥፍ ያህላል ማለት ነው።

ይህን የሚያህል ኀይል የሚያሰናክለው ነገር ግን ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም ጨው የሌለበት ውሃ ነው። በሰሜን በኩል የቀለጠ በረዶ ወይም ብዙ ዝናብ በባሕሩ ፊት ላይ ቢፈስ፥ ውሃው ቢቀዘቅዝም ስለማይከብድ አይሰጥምም፤ ካልሰጠመ ደግሞ ከኋላ ያለው ሞቃት ውሃ የሚሄድበት ስፍራ ያጣል። በ1961 ሄንሪ ስቶሜል የተባለው አሜሪካዊ የባሕር ሊቅ፥ እንዲህ ያለ ዑደት በሁለት ዐይነት ሁኔታ ጸንቶ ሊኖር እንደሚችል፥ አንዱም በርቱ ሌላውም ደካማ እንደሆነ፥ ከአንዱም ወደ ሌላው በድንገት ሊዘል እንደሚችል በስሌት አሳየ። በ1988 ደግሞ ጀርመናዊው ሃርትሙት ሃይንሪሽ ከአትላንቲክ ወለል በወጣው ደለል ውስጥ ጠጠርና ደንጊያ የበዛበት ንጣፍ በየጊዜው እየተደጋገመ መገኘቱን አስታወቀ። ከየብስ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በውቅያኖስ መካከል ደንጊያ ሊጥል የሚችል ተንሳፋፊ የበረዶ ተራራ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ካናዳንና ሰሜን አውሮፓን የሸፈነው የበረዶ ክምር እየተናደ በብዛት ወደ ባሕሩ ይገባ ነበር ማለት ነው። በ2004 ጄሪ ማክማነስና ባልደረቦቹ ከዩራኒየም የሚወለዱትን ሁለት ንጥረ ነገሮች በቤርሙዳ አጠገብ በተገኘ ደለል ውስጥ አመዛዝነው፥ ከዛሬ 17,500 ዓመት ገደማ ጀምሮ የአትላንቲክ ዑደት ሊቆም ጥቂት እስኪቀረው ድረስ መድከሙን አረጋገጡ። ድካሙም ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ቆየ። ጣና ደርቆ በረግረግ ላይ የነበረው በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነው።

የሰሜን ባሕር መቀዝቀዝ የጎጃምን ዝናብ የሚያሳጣው እንዴት ነው? በምድር ወገብ አካባቢ ከሰሜንና ከደቡብ የሚነፍሱት ነፋሳት የሚገናኙበት፥ ደመናም የሚሰበሰብበት ቀበቶ አለ። ይህ ቀበቶ ሞቃት ወደ ሆነው የዓለም ክፍል ያዘነብላል፤ በሰኔ፥ በሐምሌና በነሐሴ ወደ ሰሜን ወጥቶ በእኛ ደጋ ላይ ክረምትን የሚያመጣው ስለዚህ ነው። ሰሜኑ ሲቀዘቅዝ ግን ቀበቶው ወደ ደቡብ ያፈገፍጋል፤ ክረምቱም ያጥራል። ይሁን እንጂ የቀበቶው መሸሽ ብቻውን ነገሩን ሁሉ የሚያስረዳ አይመስለንም። ቀበቶው ወደ ደቡብ ሄደ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከምድር ወገብ በታች ያለው አገር ዝናብ በበዛለት ነበር፤ በ2011 ከብዙ ስፍራ ተሰብስቦ የወጣው ማስረጃ ግን ድርቁ አፍሪካንና ደቡብ እስያን በሰፊው የሸፈነ እንደ ነበረ ያመለክታል። ሙቀቱን ያጣ ባሕር ወደ ደመና የሚሰጠው እንፋሎት መቀነሱ ከመሸሹ ጋር ተደምሮ መታየት አለበት።

ከዛሬ 14,700 ዓመት ገደማ የአትላንቲክ ዑደት በድንገት ተመልሶ በረታ። ግሪንላንድ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ብዙ ዲግሪ ሞቀች። በዚያው ወቅት ጣና ሞልቶ ፈሰሰ። በዘመኑ ቁጥር ላይ ጥቂት የልኬት ስሕተት ሊኖር ቢችልም እንኳ የሁለቱ መገጣጠም በዘፈቀደ የሆነ ነው ለማለት ያስቸግራል። ከዚያ በኋላ፥ በመካከል ከ12,900 እስከ 11,700 ዓመት በፊት ብርድ ተመልሶ ከመጣበት ጊዜ በቀር፥ ለሺህ ዓመታት ዝናብ የበዛበት ዘመን ሆነ። ዝዋይ፥ ላንጋኖ፥ አብያታና ሻላ ያን ጊዜ አንድ ባሕር ነበሩ፤ ትርፋቸውም ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። በስምጥ ሸለቆው የሚጓዝ ሰው ዛሬ በሜዳው ላይ በየደረጃው የሚያየው የጥንት ባሕር ዳር ምልክት ከዚያ የቀረ ነው።

እስከዚህ የተነገረው በሊቃውንት መካከል ብዙ ክርክር የለበትም። ክርክሩ የሚነሣው የጥንቱ ሙቀት ስለ ዛሬው ምን ይላል በሚለው ላይ ነው። አንዳንድ ሰዎች፥ በከተማ ውስጥ የተማሩትም ጭምር፥ “የአየር ጠባይ ሰው ፋብሪካ ሳይሠራ ይለዋወጥ ከነበረ የዛሬው ለውጥ በሰው ማሳበብ ለምን ያስፈልጋል?” ይላሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለምና መልሱን ከሥሩ መጀመር ይገባል።

የበረዶው ዘመን ያበቃበትን የመጀመሪያ ምክንያት ያሰላው ሰርቢያዊው ሚሉቲን ሚላንኮቪች ነው። ምድር ፀሐይን የምትዞርበት መንገድና የእንዝርቷ ዘንበል ማለት በአሥር ሺህዎች በሚቈጠር ዓመት ቀስ እያለ ስለሚለዋወጥ፥ በሰሜን የበጋው ፀሐይ አንዳንድ ጊዜ ይበረታል፥ አንዳንድ ጊዜም ይለዝባል። በ1941 ያሳተመው ይህ ስሌት በ1976 ከባሕር ደለል በተገኘ ማስረጃ ተደገፈ። የፀሐዩ መለዋወጥ ግን ለብቻው መላውን ዓለም በአምስትና በስድስት ዲግሪ ለማሞቅ አይበቃም፤ በሰሜን ሲበረታ በደቡብ ይለዝባልና። ዓለምን ሁሉ በአንድነት ያሞቀ ሌላ ረዳት መኖር አለበት።

ረዳቱ የተገኘው በአንታርክቲካ በረዶ ውስጥ ነው። በዚያ በረዶ በየዓመቱ እየተደራረበ ሲጠነክር ትንንሽ የአየር አረፋ ይዘጋበታል። ሊቃውንት ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ቆፍረው የ800 ሺህ ዓመት አየር አወጡ። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የነበረው 190 እጅ ገደማ ነው፤ ዘመኑ ሲያልቅ ወደ 260 እጅ ገደማ ወጣ። ይህ አየር ሙቀትን እንደሚይዝ ጆን ቲንዳል በ1859 በመሣሪያ አሳይቶ ነበር፤ በ1896 ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬንየስ መጠኑ ቢጨምር ዓለም ምን ያህል እንደሚሞቅ በእጁ አሰላ። ስለዚህ የሐሳቡ መሠረት የዛሬ ፖለቲካ የወለደው አይደለም።

አሁን ተቃዋሚዎቹ አጥብቀው የሚይዙት ነጥብ ይመጣል። በ2003 በወጣ አንድ ጥናት፥ ከ240 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በነበረው የበረዶ ዘመን ማብቂያ ላይ፥ በአንታርክቲካ መጀመሪያ ሙቀቱ ከፍ አለ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የጨመረው ከዚያ 800 ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው ተባለ። “እንግዲያስ ካርቦኑ የሙቀቱ ልጅ እንጂ አባቱ አይደለም” አሉ። ነገሩ ለጊዜው ጠንካራ መሰለ።

መልሱ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው የልኬት ጉዳይ ነው። በረዶው እየተደራረበ በአምሳና በመቶ ሜትር ጥልቀት መካከል እስኪጠነክር ድረስ አየር ከላይ እየገባና እየወጣ ይቆያል፤ ስለዚህ አረፋው ከያዘው በረዶ በብዙ መቶ፥ አንዳንድ ጊዜም በሺህ ዓመት ያንሳል። የሁለቱን ዕድሜ ልዩነት ጥቂት የሳተ ሰው ቀዳሚውን ተከታይ ሊያደርገው ይችላል። በ2013 ስለ መጨረሻው የበረዶ ዘመን ማብቂያ በተሻለ ዘዴ ሲለካ በአንታርክቲካም ቢሆን ሁለቱ ጎን ለጎን የወጡ ሆነው ታዩ።

ሁለተኛው ፊት የውቅያኖሱ ነው፤ እዚህ ላይ የጣና ታሪክ ያገናኘናል። አንታርክቲካ ዓለም ሁሉ አይደለችም። የአትላንቲክ ዑደት ሲደክም ወደ ሰሜን ይወሰድ የነበረው ሙቀት በደቡብ ይቀራል፤ ስለዚህ ሰሜኑ እየቀዘቀዘ ደቡቡ ይሞቃል። የደቡብ ሙቀት መቅደም እንግዲህ የካርቦኑን ንጽሕና የሚያስረዳ ሳይሆን የውቅያኖሱ መሰናከል ምልክት ነው። በ2012 ጄረሚ ሻከንና ባልደረቦቹ ከልዩ ልዩ የዓለም ክፍል የተሰበሰቡ 80 መዛግብትን አንድ ላይ ሲያሰሉ፥ የዓለሙ አማካይ ሙቀት በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ተከትሎ ከፍ እንዳለ አገኙ። ነገሩ እንዲህ ነው። የሞቀ ባሕር የያዘውን ካርቦን ይለቃል፤ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ ቢቆይ አየሩ ፈልቶ እንደሚያልቅበት ነው። የተለቀቀው ካርቦን ደግሞ በተራው ዓለሙን ያሞቃል። ካርቦኑ የሙቀት ልጅም አባትም ሆኗል ቢባል ስሕተት አይሆንም።

“ከጥንት ጀምሮ ይለዋወጥ ነበር” የሚለው ንግግር እንግዲህ እውነት ነው፤ ከእርሱ የሚጎትቱት መደምደሚያ ግን አይከተልም። እህል ከጥንት ጀምሮ በበረዶ ይመታ ነበርና ዛሬ ማሳውን ከብት ቢበላው ባለከብቱ አይጠየቅም የሚል ዳኛ የለም። ዳኛ ዱካ ያያል። የዛሬውም ዱካ ይታያል። ቻርልስ ኪሊንግ በ1958 በሃዋይ በማውና ሎዋ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 315 እጅ ገደማ ነበር፤ በ2024 ከ420 እጅ አልፏል። ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ የሚወጣ ካርቦን ከመሬት በታች ብዙ ሚሊዮን ዓመት ስለ ቆየ ራዲዮካርቦን የሚባለው ዐይነት አልቆበታል፤ ሃንስ ዙስ በ1955 በከባቢው አየር ውስጥ የዚህ ዐይነት ድርሻ መቅጠኑን በእንጨት ላይ ለክቶ አሳየ። ምክንያቱ ፀሐይ ቢሆን ኖሮ ላይኛው አየርም አብሮ በሞቀ ነበር፤ ነገር ግን ታችኛው እየሞቀ ላይኛው ቀዝቅዟል፤ ይህም በ1967 አስቀድሞ በስሌት የተነገረ ነው። ከሁሉ ይልቅ ፍጥነቱ ያስደነግጣል። በበረዶው ዘመን ማብቂያ ጭማሪው በአማካይ በመቶ ዓመት አንድ እጅ ያህል ሲሆን፥ ዛሬ በየዓመቱ ከሁለት እጅ በላይ ነው።

የሚያከራክረው ሌላ ነው፤ እርሱም የአትላንቲክ ዑደት ወደፊት ምን ይሆናል የሚለው ነው። የግሪንላንድ በረዶ እየቀለጠ ነው፤ በሰሜንም የባሕሩ ፊት ዝናብና የቀለጠ ውሃ እየበዛበት ነው። በመንግሥታት መካከል የተቋቋመው የአየር ጠባይ ለውጥ ጉባኤ በ2021 ባወጣው መግለጫ፥ ዑደቱ በዚህ መቶ ዓመት ውስጥ መድከሙ የማይቀር ሊባል ጥቂት እንደሚቀረው፥ ከ2100 በፊት ፈጽሞ በድንገት ይቆማል የሚለውን ግን በመካከለኛ እርግጠኛነት እንደማይጠብቅ ተናገረ። በ2023 ሁለት የዴንማርክ ሊቃውንት በዚህ መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ ሊሰናከል ይችላል የሚል ስሌት አወጡ፤ ሌሎች ደግሞ ያ ስሌት የተመሠረተበት የባሕር ፊት ሙቀት መዝገብ ይህን የሚያህል ፍርድ አይሸከምም ብለው ተቃወሙ። በእኛ አስተያየት ተቃዋሚዎቹ ስለ ቀጠሮው ቀን ትክክል ናቸው፤ አደጋ የለም ማለታቸው ግን አይደለም፤ አንዳንድ ጋዜጦች እንደዚያ አድርገው መጻፋቸው አንባቢን ያሳስታል።

ጣና ነገ ይደርቃል ብሎ መተንበይም እንዲሁ ስሕተት ነው። በዚያ ዘመን ካናዳን የሸፈነው የበረዶ ክምር ዛሬ የለም፤ ባሕሩም ያን ጊዜ ከነበረው ይልቅ ሞቃት ነው። ብዙዎቹ ስሌቶች ዓለም ሲሞቅ በምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ይበዛል፥ አጣጣሉም ይከብዳል ይላሉ። የአትላንቲክ ዑደት ቢደክም ደግሞ የሰሜኑ መቀዝቀዝ ክረምታችንን ወደ ተቃራኒው ይጎትታል። ስለዚህ የእርሻ ሹም ሊዘጋጅ የሚገባው ለአንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከሳህል እስከ ኢትዮጵያ ሰሜናዊ ደጋ የደረሰው የዝናብ ጉድለት፥ ከሌሎች ነገሮች ጋር፥ በሰሜንና በደቡብ ባሕሮች ፊት መካከል በተፈጠረ የሙቀት ልዩነት የመጣ መሆኑ በስሌት ታይቷል፤ ያ ልዩነት ከአንድ ዲግሪ በታች ነበር። የጥንቱን መሰናከል የሚያህል ነገር ሳይሆን እንኳ ምን ያህል ሕይወት እንደ ጠፋ የ1984ቱን ያየ ሁሉ ያውቃል።

በአገራችን የሜቴዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የበጋ፥ የበልግና የክረምት ትንበያ ሲያወጣ ከሚያያቸው ዋና ነገሮች አንዱ የሩቅ ባሕሮች ፊት ሙቀት ነው። በሰላማዊ ውቅያኖስ ኤል ኒኞ የሚባለው ሙቀት ሲነሣ ክረምቱ በደጋችን ላይ ብዙ ጊዜ ይቀጥናል፤ በ2015 ይህ ሆኖ በሚቀጥለው ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ አስፈልጎታል። እንዲህ ያለው ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ለወረዳ ሹምና ለገበሬ የሚቀርበው ሥራ የታወቀ ነው። ረጅም ጊዜ የሚፈልገውን ማሽላና በቆሎ በጊዜ ለመዝራት ዝናቡ ካልደረሰ፥ ፈጥኖ የሚደርስ ጤፍ ወይም በመስከረም እርጥበት የሚበቅል ሽምብራ የሚዘራበት ዘር ከግንቦት በፊት በየቀበሌው መገኘት አለበት፤ ትንበያው በሰኔ ተነቦ ዘሩ በነሐሴ ቢመጣ ጥቅም የለውም። የዝናብ መለኪያ ባለበት ስፍራ ሁሉ በየጠዋቱ በሦስት ሰዓት የተሰበሰበው ውሃ ይለካ፥ ያልዘነበበትም ቀን ዜሮ ተብሎ ይጻፍ፤ ባዶ የተተወ መስመር ዝናብ አልነበረም ማለት ይሁን ጸሓፊው አልመጣም ማለት ይሁን ከዓመታት በኋላ የሚለየው አይገኝምና።